መቻልን ከማስወገዳችን በፊት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ስለ ውሻ ንግግር ይቀርባል ሲባል አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አይተናል። እኛም መጀመሪያ ሲነገረን ስቀናል። ነገር ግን የግቢያችን ውሻ መቻል ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ ወደ ጠረጴዛችን መጥቷል፤ በእግሩ ሳይሆን በደረሰኝ። አንደኛው የሕክምና ደረሰኝ ነበር። ሁለተኛው ሽሮ ለመውሰድ የመጣ ደንበኛ ለተቀደደ ሱሪው ያስከፈለን ነው። ሦስተኛው የክትባት ነው፤ እሱም መምጣት ከነበረበት አራት ዓመት ዘግይቶ መጣ። ስለዚህ ነገሩን ከማንም በፊት ማየት የነበረብን እኛ ነን።

የሆነውን ያልሰማችሁ ስላላችሁ ከዚያ እንጀምር። ጥቅምት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአንዲት አባላችን የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ እናቷን ትጠብቅ ነበር። ኳሷ ተንከባሎ መቻል የሚበላበት ሳህን አጠገብ ገባ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል ክንዷ ላይ ነከሳት። እናቷ እየሮጠች ደረሰች፤ ግን በርበሬ ስትቀነጥስ ነበርና በዚያ እጇ የልጇን ቁስል መንካት አልቻለችም። ሌሎቻችን ልጅቷን ይዘን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አጠብናት፤ እናትየዋ እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ቆማ ታለቅስ ነበር።

ጤና ተቋሙ ስንደርስ የተጠየቅነው የመጀመሪያ ጥያቄ «ውሻው ተከትቧል?» የሚል ነበር። የሚመልስ ጠፋ። በማግስቱ መዝገቦቻችንን አገላበጥን። መቻል ወደ ግቢያችን ከገባበት ጊዜ ጀምሮ «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ሥር ሳንባ አለ፣ ሰንሰለት አለ፣ የቤቱ ቆርቆሮ አለ። የክትባት ደረሰኝ ግን አንድም የለም። ሰንሰለት ሁለት ጊዜ ገዝተናል። ይህንን ደጋፊዎቻችን ባሉበት መናገር ደስ አይልም፤ ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ነገር ቀልድ አይደለም። በሽታው በምራቅ በኩል በንክሻ ይተላለፋል፤ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለሰው ከሚተላለፈው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በውሻ ቢነከስ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይኬድ። ጠበል የሚጠጣ ይጠጣ፣ ጸሎት የሚያደርግ ያድርግ፤ ክትባቱን ግን በዚያ ምክንያት አያዘግይ። ልጃችን ክትባቷን በቀጠሮዋ ጨርሳለች፤ ዛሬም ከእናቷ ጋር እዚሁ አዳራሽ አለች።

በዚያው ሳምንት የተደረገውን አስቸኳይ ስብሰባ ታስታውሳላችሁ። አብዛኞቻችን «መርዝ ይብላና እንገላገል» ብለን ነበር። እኛም እጃችንን አውጥተናል። ያስቆመን ዘበኛችን ናቸው። የእንስሳት ሐኪሙ ውሻው ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ ብለዋል አሉ። ሲነክስ በሽታው በምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ታሞ ይታያል ወይም ይሞታል፤ አሥሩን ቀን በጤና ከጨረሰ ግን በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ቀድመን ብንገድለው የልጅቷን ነገር የምናውቅበትን መንገድ ራሳችን ዘጋነው ማለት ነበር። እናትየዋ እነዚያን አሥር ሌሊቶች እንዴት እንዳሳለፈች እሷ ትንገራችሁ፤ እኛ አንናገርላትም።

እነዚያ አሥር ቀናት ግን ሌላም ነገር ሰጡን። የሂሳብ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ከበሩ ጋር ይተያያል። ልማድ ሆኖብን መመዝገብ ጀመርን፤ ስንት ሰዓት ጮኸ፣ በማን ላይ ጮኸ፣ ሰውየው ምን ይዞ ነበር፣ ከዚያ ምን ሆነ። በአራተኛው ቀን ደብተሩ ራሱ መናገር ጀመረ። መቻል አባላትን አይጮህባቸውም። አብዝቶ የሚጮኸው ጆንያ በተሸከመ ሰው ላይ ነው። ሌላው ደግሞ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት በሚለቀቁበት ሰዓት ነው፤ ምክንያቱንም በዓይናችን አየን። ልጆቹ በበሩ ክፍተት ጠጠር ይወረውሩበታል፤ እሱ በሰንሰለት ነውና መሸሽ አይችልም። ማታ ሲፈታ ግን ሌላ ውሻ ነው፤ ግቢውን ይዞራል፣ ዘበኛው እግር ሥር ይተኛል።

ይህንን ይዘን ወደ ሐኪሙ ተመለስን። ያስረዱን ነገር ለሂሳብ ሰው ቀላል ነው። ውሻ ጆንያ የተሸከመ ሰው ያያል፣ ይጮኻል፤ ሰውየው ዕቃውን አስረክቦ ይሄዳል። ሰውየው የሚሄደው ሥራውን ስለጨረሰ ነው። በመቻል ሂሳብ ግን «ጮህኩ፣ ሄደልኝ» ነው። በቀን አምስት ጊዜ እንዲህ እየተከፈለው አራት ዓመት ሠርቷል። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረታችን ለካ ከምናስበው በላይ እውነት አለው፤ መብሉ ሥጋ ብቻ አይደለም እንጂ።

አሁን በጣም ወደከበደን ነገር እንምጣ። የልጅቷ እናት አንድ ቀን «ድሮ ሳህኑ አጠገብ ሲያልፉ ያጉረመርም ነበር፤ ከዓምና ወዲህ ግን ትቶ ነበር፤ ምን ነካው?» አለች። የተወው ስለመታነው ነው። ባጉረመረመ ቁጥር ዱላ ይነሳበት ነበር፤ ዝም ሲል ጊዜ «ተቀጣ፣ ጨዋ ሆነ» ብለን ደስ ብሎን ነበር። ማጉረምረም ግን የውሻ ቋንቋ ነው፤ «አትቅረቡኝ፣ ፈርቻለሁ» ማለቱ ነው። ቃሉን ቀማነው፣ ፍርሃቱን ግን አልወሰድንለትም። በዚያን ቀን ልጅቷን ያላስጠነቀቃት ማስጠንቀቂያውን እኛ ስላስተውነው ነው።

ከማጉረምረሙም በፊት ሌሎች ምልክቶች አሉ፤ እናቶች ለልጆቻችሁ ብታስተምሩ መልካም ነው። እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን የሚልስ፣ ፊቱን የሚያዞር፣ የዓይኑ ነጭ በጎን የሚታይ ውሻ ጨንቆታል። ገላው ድርቅ ካለ ደግሞ ራቁ። ጅራቱን ቆላ ማለት ሁልጊዜ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም፤ ጅራቱ ከፍ ብሎ ቀጥ ካለና በትንሹ ቶሎ ቶሎ ከተንቀጠቀጠ ነገር አለ። ልጆች የሚበላን፣ የተኛንና ቡችሎች ያሏትን ውሻ ከቶ አይንኩ። ውሻ ወደ እነሱ ቢመጣ አይሩጡ፤ እጃቸውን ሰብስበው እንደ ግንድ ይቁሙ፣ ዓይኑንም አፍጥጠው አይዩ።

«ጥፋቱንማ ያውቃል፤ ስንቆጣው አንገቱን ይደፋል» የምትሉ አላችሁ። እኛም እንዲህ እንል ነበር። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትነዋል። ውሾቹ ያንን የጥፋተኛ ፊት የሚያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣቸው ነው፤ የተከለከለውን ቢበሉም ባይበሉም። የሚያነበው የእኛን ፊት ነው እንጂ የራሱን ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ጠዋት ለቀደደው ጆንያ ከሰዓት በኋላ መምታት ትርፉ እኛን እንዲፈራ ማድረግ ብቻ ነው። ለውሻ ሂሳብ የሚዘጋው እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት ነው። እኛ እስከ ወር መጨረሻ እንቆያለን፤ እሱ አይቆይም።

ምን አደረግን? መጀመሪያ ክትባቱን አስከተብን። ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱን አነሳን፤ ከመጋዘኑ ጀርባ በሽቦ አጥር አጠርንለት፤ ቀን ቀን ከበሩ ርቆ እዚያ ይውላል። የጠጠሩ ነገር በዚሁ ቆመ። ለትምህርት ቤት ልጆቹም ዘበኛው ተናግረዋቸዋል፤ በምን ቃል እንደሆነ አልጠየቅንም።

የሳህኑ ነገር ረጅም ጊዜ ወሰደ። ዘበኛው ሲበላ ከሩቅ ቆመው፣ እሱ ቀና ሳይል፣ ከሳህኑ የሚበልጥ ነገር ወርወር ያደርጉለትና ተመልሰው ይሄዳሉ። የተቀቀለ ሳንባ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ። በሚቀጥሉት ቀናት አንድ እርምጃ ቀረብ ይላሉ። ውሻው ከደረቀ ወይም ቶሎ ቶሎ ከዋጠ ቀርበናል ማለት ነው፤ ወደኋላ እንመለሳለን። ሐሳቡ «ሰው ሲመጣ ይቀማኛል» የሚለው «ሰው ሲመጣ ይጨመርልኛል» በሚለው እንዲለወጥ ነው። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል አጉረመረመ። ከአንድ ዓመት በላይ ዝም ያለ ውሻ ነው! ዘበኛው ደንግጠው መጡ፤ እኛ ግን ተደሰትን። ማንም አልመታውም፤ ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደኋላ አሉ፣ በቃ።

በሩን በተመለከተ፣ በር ሲንኳኳ ወደ ምንጣፉ እንዲሄድ አስተማርነው። መጀመሪያ ያንኳኳን የነበርነው እኛው ነን፤ አንዳችን ውጭ፣ ዘበኛው ውስጥ። ቋ ሲል «ቦታህ!» ይባላል፣ ሳንባው ምንጣፉ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ባዶ ጆንያ ተሸክመን እየገባን ደገምን። ሐኪሙ ያስጠነቀቁን ቦታው ላይ ሳለ ሳይሆን ከሄደ በኋላ ከሰጠነው ክፍያው ለጩኸቱ ይሆናል ብለው ነው። ሁለት ጊዜ ተሳስተን አይተነዋል፤ ልክ ናቸው።

እዚህ ላይ ጾሙ መጣ። የዐቢይ ጾም ሲገባ ልኳንዳ ቤቶች ተዘጉ፤ ከአባላቱም ግማሾቹ «በጾም ሳንባ እዚህ ግቢ አይቀቀልም» አሉ። እውነት አላቸው። የደረቀ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ሞከርን። መቻል ለድንች ያን ያህል አልሠራም። በኋላ ሙስሊም እህታችን ከሰፈሯ ሥጋ ቤት ቤቷ ቀቅላ በፌስታል ማምጣት ጀመረች፤ ስለዚህ የጾም ወቅቱ ደረሰኝ በእሷ ስም ነው፤ ኦዲተሩ እንዳይደነግጥ።

ሰው ላይ መዝለሉ ለብዙዎቻችን ትልቁ ችግር ነበር። አንዷ በነጠላዋ ላይ የጭቃ እግር ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ሌላዋ ምራቁ ልብሷን ከነካ ከሶላት በፊት ማጠብ አለባት። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሲዘል ጀርባ መስጠት፣ አራት እግሩ መሬት ሲነካ ማነጋገር። ከባዱ ሁሉም እኩል ማድረጉ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ባሰበት፤ ድሮ ይሠራ የነበረ ነገር እንቢ ሲለው አብዝቶ ይሞክራል። ያኔ አንዳችን «ምስኪን» ብለን ካባበልነው፣ የተማረው አብዝቶ መዝለልን ነው። ማን እንዳባበለው እናውቃለን፤ ስም አንጠራም።

ከደጋፊዎቻችን አንዱ «ገንዘባችን ለውሻ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መጋዘናችን ውስጥ የሠላሳ ሴቶች የዓመት በርበሬ ያድራል፤ የሚጠብቁት አንድ አዛውንት ዘበኛና መቻል ናቸው። የአጥሩ ሽቦ፣ ሳንባውና ክትባቱ አንድ ላይ ተደምረው ለልጅቷ ሕክምናና ምልልስ ካወጣነው ያንሳሉ።

ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። ሞተር ሳይክል ሲያልፍ አሁንም ይታመማል። ልጅቷም ወደ ግቢው ስትመጣ በመጋዘኑ በኩል አታልፍም፤ እናቷም «ልጄ የምትፈራውን እኔ አልወደውም» ብላናለች። በስብሰባውም ይወገድ ብላ ድምፅ ሰጥታ ነበር፤ ዛሬም ሐሳቧን አልቀየረችም። አትቀይሪ አንላትም። እሷ በምትሠራበት ሰዓት መቻል ከአጥሩ እንዳይወጣ ተወስኗል፤ ቁልፉም በእሷ እጅ ነው።

በበጀቱ ረቂቅ ገጽ 6 ላይ የመቻል ክትባት ከዘንድሮ ጀምሮ በራሱ መደብ ገብቷል፤ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ አትፈልጉት። ቀጣዩ ቀጠሮ መስከረም ላይ ነው። በቤታችሁ ውሻ ያላችሁ በዚያው ቀን ብታመጡ ሐኪሙ እዚሁ ግቢያችን ድረስ ሊመጡልን ፈቅደዋል፤ ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት በር ላይ ላሉት ዘበኛችን አስመዝግቡ።