የካርድ ክፍል ሠራተኛ ግብ ምን ሊሆን ይገባል?



የዛሬው ንግግሬ በሕክምና ተቋም ውስጥ ለሠራተኞች ግብ ስለ መጣል ነው። ስለ ሐኪሞች ሥራ ብዙ ይባላል፤ እኔ የማነሣው ግን ታካሚው ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚቆምበትን ካርድ ክፍል ነው።

ኤድዊን ሎክና ጋሪ ሌተም በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ግልጽና ፈታኝ ግብ «የተቻለህን አድርግ» ከሚል ትእዛዝ የተሻለ ሥራ እንደሚያስገኝ አሳይተዋል። ይህም የሚሆነው ሠራተኛው ግቡን ሲቀበለው፣ ችሎታው ሲኖረውና የሥራውን ውጤት በየጊዜው ሲያውቅ ነው። በእኛ አገር የውጤት ተኮር ሥርዓት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከተዘረጋ ወዲህ ግብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እነዚህ ሁኔታዎች ግን ብዙ ጊዜ አብረውት አይወርዱም።

«የተገልጋይን እርካታ ማሳደግ» የሚለው ግብ ካርድ ክፍል ሲደርስ ምን ትርጉም ይኖረዋል? ሠራተኛዋ በላቦራቶሪው ወረፋም ሆነ በመድኃኒት እጥረቱ ላይ ሥልጣን የላትም። ግቡ በቀን ይህን ያህል ታካሚ ማስተናገድ ቢሆንስ? ያን ጊዜ የቀድሞውን ካርድ ከመፈለግ አዲስ ማውጣት ይቀላል። ቁጥሩ ይሞላል፤ ከመርሳ ተሳፍሮ ወልድያ የገባው የደም ግፊት ታካሚ ግን ሐኪሙ ፊት ያለፈ ታሪክ እንደሌለው ሰው ይቀርባል። ሲወስደው የቆየው መድኃኒትም ሆነ ያልተስማማው መድኃኒት ተጽፎ የቀረው ባልተፈለገው ካርድ ላይ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ግብ «ካርድ ያለው ታካሚ የራሱ ካርድ ይገኝለት» የሚል ነው። መለኪያውም ቀላል ነው፤ በየሳምንቱ ካርድ ለነበራቸው ታካሚዎች ስንት አዲስ ካርድ እንደ ወጣ መቁጠር ነው። ከሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳም ከውርጌሳም፣ መሐመድ አህመድ የሚባል ብዙ ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ስሙም አንድ ቀን «መሐመድ»፣ ሌላ ቀን «ሙሀመድ» ተብሎ ይጻፋል። የአያት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ሳይጓደል መመዝገብ፣ ካርድ ከመደርደሪያ ሲወጣም በቦታው ምልክት መተው በሠራተኛዋ እጅ ያለ ሥራ ነው። ካርዱ ከምርመራ ክፍል በዕለቱ መመለሱ ግን የነርሶችም ድርሻ ስለሆነ፣ የጋራ ግብ ሊሆን ይገባል።

አቅምም ይታሰብ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። መደርደሪያና መዝገብ ለሌለው ሠራተኛ የሚሰጥ ግብ፣ ግብነቱ ቀርቶ ክስ ይሆናል።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ኃላፊዎች ስትሆኑ ዕቅድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ የገበያ ቀን በካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ ዋሉ። ሠራተኛዋንም «ከዚህ ሁሉ ሥራ በእጅዎ ያለው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ግቡ ከመልሷ ይጀምር።