ለውሻ አፍሳር

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተሰጠ ንግግር)



በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ውሻ ለመናገር መነሣታችን ሊያስቃችሁ ይችላል። ተራ ሲሰጠን ከኋላ ወንበር «ደግሞ ውሻም ልንቀብር ነው እንዴ?» ያለ ሰው አለ፤ ሰምተነዋል። ነገሩ ግን ከቀብር ያን ያህል የራቀ አይደለም። እኛ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ነገር ግን ዕድሜያችንን ደብዳቤ ስንመዘግብና ፋይል ስናወጣ ስለኖርን፣ ያየነውን በቅደም ተከተል ማስረዳት አያቅተንም።

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በሰፈራችን ለቅሶ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ድንኳኑ የተተከለው ከእኛ አጥር ጥግ ነበር። መቻል የምንለው ውሻችን (ስሙ ለማን እንደወጣ የሚያውቅ ያውቃል) ሰንሰለቱን ከነካስማው ነቅሎ ወጣና ንፍሮ ይዘው ይመጡ የነበሩ አንዲት እናትን ባታቸው ላይ ነከሰ። እኒያ እናት ዛሬም እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል። እሳቸው ይቅር ብለውናል፣ እኛ ግን አልረሳነውም።

ያን ጊዜ የሆነውን እንንገራችሁ። አንዱ ቁስሉ ላይ በርበሬ ይነስነስ አለ፣ ሌላው ቅቤ ይቀባ አለ፣ ወጣቶቹ ደግሞ ዱላ ይዘው ውሻውን ሊገድሉ ወጡ። ደግነቱ ከለቀስተኞቹ መካከል አንዲት የጤና ባለሙያ ነበረችና ሁሉንም አስቆመች። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ በሰዓት አሳጠበችና በቀጥታ ወደ ሕክምና አስወሰደቻቸው። ውሻውን ደግሞ «እንዳትነኩት፣ እሰሩትና አሥር ቀን ጠብቁት» አለች። ምክንያቱም ውሻው ሲናከስ በሽታው በምራቁ ውስጥ ከነበረ በአሥር ቀን ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። አሥር ቀን በጤና ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታው ምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። የተገደለ ውሻ ግን አሥር ቀን አይጠበቅም።

ያንን አሥር ቀን እንዴት እንዳሳለፍነው እግዜር ያውቃል። በየጧቱ ፊታችንን ሳንታጠብ ሄደን ውኃ መጠጣቱን እናያለን። ባለቤታችን ሌሊት ጩኸቱ ተለወጠ ብላ ትቀሰቅሰናለች። እኒያ እናት መርፌያቸውን ጀምረዋል። በልጅነታችን በሆድ ዙሪያ ይወጋ የነበረውን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ክንድ ላይ ነው። ልጆቻቸው ግን ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩንም ነበር። በአሥረኛው ቀን መቻል እንጀራውን በልቶ ጅራቱን ሲቆላ እኛ አጥሩን ተደግፈን አለቀስን። አንደብቃችሁም።

ታዲያ በሕክምናው ቤት በመጀመሪያ የተጠየቅነው ጥያቄ «ውሻው ተከትቧል ወይ?» የሚል ነበር። አልተከተበም። ለምን? ክትባት ጠፍቶ አይደለም። በዚያው ዓመት ውሻችሁን አምጡ ተብሎ ተነግሮ ነበርና አንገቱ ላይ ገመድ አስረን ወጥተን ነበር። እኛ እየጎተትን፣ እሱ እኛን እየጎተተ፣ የመንደሩ ልጅ ሁሉ እየሳቀ አስፋልቱ ድረስ ደረስን። እዚያ ሌላ ውሻ ሲያይ ጥሎን ሄደ። ጉልበታችን ተልጦ፣ ውሻው ሳይከተብ ተመለስን። እውነቱን እንነጋገርና የእኛን ሰፈር ውሻ በእጁ ይዞ መንገድ መሄድ የሚችል ባለቤት ስንት ነው? ቀን በሰንሰለት፣ ማታ ልቅ ነው፤ ሰው ይዞት ሄዶ አያውቅም። ያልተያዘ ውሻ ደግሞ አይከተብም።

ይህ በሽታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በእኛው በወሎ ብዙ ውሻ ያበደበት ወረርሽኝ እንደነበረ ተጽፏል። በማግስቱ ዓመት፣ በ1885፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የሚባል በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አዳነ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ ከሚያዙት 100 ሰዎች 99ኙ ያገኙት ከውሻ ነው። ከ100 ውሻ 70ው ቢከተብ በሽታው በውሾቹ መካከል መተላለፉ ይቆማል። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ ግን ማዳን የለም ማለት ይቻላል። ያኔ ሥራው የሐኪሙ መሆኑ ቀርቶ የእኛ የዕድሩ ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም. ወደ ከተማችን ተመልሰን በገባን ጊዜ ጌታ ያጣ ውሻ በየመንገዱ ሲዞር አይተናል። መቻልም ከእነዚያ አንዷ የወለደችው ነው።

አሁን ወደ አፍሳሩ እንምጣ። ውጭ አገር የሚኖር የእኅታችን ልጅ ሊጠይቀን ሲመጣ ይህን ሁሉ አጫወትነው። በሚቀጥለው ጊዜ በሰው እጅ አንድ የናይለን ጥብጣብ ላከልን። ስናየው ለውሻ የተሰፋ አፍሳር! ሳቅን። ቆይተን ግን የአባታችን በቅሎ ትዝ አለችን። ያቺ በቅሎ በአንገቷ ገመድ ቢገባላት አሥር ሰው ትጎትት ነበር። በአፍሳሯ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ወንዝ አውርዶ አጠጥቶ ይመልሳታል። ራስ የዞረበት አካል ይከተላል። አንገት የውሻ ጉልበቱ ነው፤ እኛ ጉልበቱን ይዘን ከጉልበቱ ጋር እንታገል ነበር።

ዕቃው በውጭው ዓለም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ሮጀር መግፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ጠባይ አዋቂ አንዱን ዓይነት፣ አር. ኬ. አንደርሰን የሚባል አሜሪካዊ የከብት ሐኪም ከአንዲት አሠልጣኝ ጋር ሆኖ ሌላውን ዓይነት አውጥተዋል። ሁለቱም የፈረስ አፍሳርን ይመስላሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 8 ቁጥርን አስቡ። አንዱ ክብ ከጆሮ ኋላ በአንገቱ ጫፍ ላይ ይውላል፣ ሌላው በአፍንጫው ላይ ያርፋል፣ መገናኛው ከአገጩ ሥር ይሆናል፣ መያዣው ገመድ እዚያ ይታሰራል። ያረጀ የደብተር ቦርሳ ማንገቻ ይበቃል፤ እኛ ሁለተኛውን ያሰፋነው ከእሱ ነው። ሲባጎ ግን አይሆንም፣ ይቆርጠዋል። የአንገቱ ክብ አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። የአፍንጫው ደግሞ ውሻው አፉን ከፍቶ እንዲያለከልክና ውኃ እንዲጠጣ ላላ ይበል፣ ተንሸራትቶ እስኪወልቅ ግን አይላላ። ልብ በሉ፣ ይህ አፍ ማሰሪያ አይደለም። ውሻው ሊናከስ ይችላል። የሚናከስ ውሻ ያለው ሰው አፍሳር አደረግሁለት ብሎ እንዳይዘናጋ።

ማስለመዱ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኛ መጀመሪያ ቀን በግድ አጠለቅንለትና በመዳፉ ፊቱን ሲቧጭር፣ መሬት ላይ ሲንከባለል ዋለ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ኋላ ክቡን በእጃችን ይዘን ከወዲያ በኩል ቁራሽ ሥጋ አሳየነው፤ ራሱ አፍንጫውን ከተተ። በልቶ እንዲወጣ ተውነው። በቀን ሁለት ሦስቴ እንዲህ አደረግን። ከቀናት በኋላ አሰርንለትና ወዲያው ይዘነው ተንቀሳቀስን፤ ሲሄድ ፊቱን መቧጨር ይረሳል። በሁለት ሳምንት ለመደ። ሲጎትት ቆም እንላለን፤ ያኔ አፍንጫው ወደ እኛ ይዞራል። ገመዱን ሲያላላ እንቀጥላለን። በኃይል መንጨቅ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፣ አንገቱን ይጎዳዋል። በረጅም ገመድ ለቅቆ ማስሮጥም እንዲሁ። በአፍሳር እንጨት ላይ አስሮ መተውም አይገባም። ማታ ይወልቃል፤ ጅብ ሲመጣ በአጥሩ ውስጥ መጮህ የእሱ ሥራ ነው። ለጥንቃቄ ገመዱን ከአንገት ማሰሪያውም ጋር እናያይዘዋለን። አፍንጫው ላይ ጠጉሩ እንዳይላጥ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ውዱእ አድርገው ወደ መስጊድ ሲወጡ መቻል እየዘለለ ልብሳቸውን ይልስባቸው ነበር። እሳቸው ተመልሰው ይታጠባሉ፣ እኛ እናፍራለን። አሁን ራሱን ወደ አጥሩ ዞር አድርገን እናሳልፋቸዋለን። «ይኼ ነገር ለልጆቼም ቢሰፋ» ብለው ቀልደውብናል።

በ2016 ዓ.ም. ክትባት ሲመጣ መቻልን ይዘን በዚያው አስፋልት ሄድን። ውሾች ጮኹበት፤ ራሱን ወደ እኛ አዙረን አለፍን። ተከተበ፣ ወረቀቱን ይኸው ይዘነዋል። ነገር ግን በዕለቱ ከእኛ ሰፈር በእግሩ የመጣ ውሻ አምስት እንኳን አልሞላም።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለቅሶ በወጣበት ሰፈር ውሻ ያለው አባል ድንኳኑ ሳይነሣ ውሻውን እንዳይፈታ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሁለት አፍሳር፣ አንድ ትልቅና አንድ መካከለኛ፣ በራሳችን ወጪ አሰፍተን ለንብረት ክፍሉ አስረክበናል። ለክትባት የሚፈልግ አባል ፈርሞ ይውሰድ፤ ለማስለመዱ ግን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይውሰደው። ማስለመድ ያቃተው ካለ ቤታችን ይምጣ። ሲመለስ በሳሙና ታጥቦ ይሁን፤ የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር ንብረት ክፍሉ አይቀበልም።