ታብሌቱ ውስጥ ያለው መዝገብ

እሷ፦ መንጌ ወረዳ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ዞራ ታብሌት ላይ የመዘገበችው እስኪላክ ድረስ የት ይቀመጣል?

እሱ፦ እዚያው ታብሌቱ ላይ። የጤና ሚኒስቴር የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት መጀመሪያ የተሠራው ኮምኬር በሚባል ሶፍትዌር ነው፤ ኮምኬር ደግሞ አንድሮይድ ላይ መረጃውን ኤስኪውላይት በሚባል ዳታቤዝ ይይዛል። ሰርቨር አያስፈልገውም፣ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ነው። ብዙ የቢሮ ፕሮግራሞችም በዚሁ ይሠራሉ።

እሷ፦ አንድ ፋይል ከሆነማ በፍላሽ ገልብጦ አሶሳ መውሰድ ነዋ!

እሱ፦ የታብሌቱ ፋይል እንዲህ በቀላሉ አይገለበጥም፤ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ መረጃ የሚጠፋው እኮ እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ የቅርቡ ምዝገባ ገና ከጎኑ ባለው፣ ስሙ «ዋል» ብሎ በሚያልቀው ፋይል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ዋናውን ብቻ ከገለበጥሽ ዛሬ ጠዋት የተመዘገበችው ነፍሰ ጡር ስሟ አብሮ አይሄድም። ፕሮግራሙን ዝጊው፣ ወይም በኤስኪውላይት የባክአፕ ትእዛዝ ገልብጪ።

እሷ፦ «ዳታቤዙ ተቆልፏል» ሲልስ?

እሱ፦ አልተበላሸም። በአንድ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው እንዲጠብቅ ካልታዘዘ ወዲያው ስሕተት ያወጣል። 5 ሰከንድ እንዲታገሥ ማዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

እሷ፦ መብራት በመሐል ቢጠፋ?

እሱ፦ በጅምር የቀረው ይሰረዛል፣ የጸደቀው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ፋይሉ ሲከፈት ራሱን ያስተካክላል። ከጎኑ ያለውን፣ ስሙ «ጆርናል» ወይም «ዋል» ብሎ የሚያልቀውን ፋይል ቆሻሻ መስሎት የሚያጠፋ ሰው ነው ጉዳት የሚያደርሰው፤ እባካችሁ አትንኩት! ከተጠራጠራችሁ ፋይሉ አለመበላሸቱን የሚፈትሸውን «ኢንቴግሪቲ ቼክ» አስኪዱ። «ኦኬ» ካላለ አንዲት መስመር ሳትጨምሩ መጀመሪያ ቅጂ ውሰዱ።