ስለ እግር ጉብኝትና ስለ ጽዋው
(በተማሪዎች ማኅበር የአገር ማወቅ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ጓደኛችን ያቀረበው ሐሳብ ብዙ ጭብጨባ እንዳገኘ ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡም ክበባችን ወደ ከሚሴና ወደ አካባቢዋ የእግር ጉብኝት እንዲያዘጋጅ፥ ጉብኝቱም በኢጣሊያ አገር እንደሚደረገው ጠዋት የጥንት ፍርስራሽ ታይቶ ከሰዓት በኋላ ወይን ጠጅ የሚቀመስበት እንዲሆን ነው። እኔ የከሚሴ ልጅ ስለ ሆንኩ መልስ እንድሰጥበት ተጠይቄአለሁ። የሐሳቡን ግማሽ እደግፋለሁ፤ ግማሹን እቃወማለሁ። የምቃወመውን ከመናገሬ በፊት ግን በሐሳቡ ባለቤት ላይ ፍርድ እንዳላጓድል፥ ነገሩ በራሱ አገር ምን እንደሚመስል ላስረዳ።

ፖምፔይ የምትባለው የሮማውያን ከተማ እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪዮ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በአመድ ቀበራት። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ቦታውን የቆፈሩ ሊቃውንት፥ የተክሎቹ ሥር በስብሶ በአመዱ ውስጥ የተወውን ባዶ ቀዳዳ እየመረመሩ የትኛው መሬት የወይን ቦታ እንደ ነበረ ለይተው አወቁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ የአገሩ ወይን ጠማቂ ቤት በዚያው መሬት ላይ ወይን መልሶ ተከለ፤ የ2001 እ.ኤ.አ. መከርም «ቪላ ዴይ ሚስቴሪ» በሚል ስም ተጠመቀ። እንግዲህ በፖምፔይ ጐብኚው ጽዋውን ሲያነሣ የሚቀምሰው የቦታውን የራሱን ፍሬ ነው። ፍርስራሹና ጽዋው የአንድ መሬት ልጆች ናቸው። ይህን ነገር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ የኋላው ክርክሬ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

በሮማ ከተማስ? እዚያ የእግር ጉብኝት ያደረገ ሰው ለብዙ ዘመን የእኛንም ንብረት ሲጐበኝ ነበር። የሞሶሎኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም የወሰደው ሐውልት በፖርታ ካፔና አደባባይ፥ በጥንቱ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አጠገብ ቆሞ እስከ 2003 ድረስ ቈየ። በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 በቦታው ተተከለ። መሪው ለጐብኚዎቹ ስለ ሐውልቱ ምን ምን ይላቸው እንደ ነበረ ብሰማ ደስ ባለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንምጣ። ሮማና ወይን በኢትዮጵያ ጨርሶ አልተገናኙም ማለት አይቻልም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ፥ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፈው ሸቀጥ መካከል የሎዶቅያና የኢጣሊያ ወይን እንዳለበት ይናገራል፤ ብዙ እንዳልሆነም ይጨምራል። በአክሱም ቁፋሮ ከሮማውያን ግዛት የመጡ የሁለት ጆሮ እንስራዎች ስብርባሪ ተገኝቶአል። ንጉሥ ኢዛናም ስለ ቤጃዎች ባስጻፈው ጽሑፍ፥ ድል የሆኑትን ሰዎች ወደ ተሰጣቸው አገር ሲያጓጕዝ ካበላቸውና ካጠጣቸው ነገር ውስጥ ወይን ይገኝበታል። ስለዚህ ጓደኛችን ጉዞውን ወደ አክሱም ቢያደርገው ኖሮ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። የዛሬን ወይን መቅመስ የሚፈልግም ወደ ዝዋይ መሄድ ይችላል፤ የዚያ አገር የወይን እርሻ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጠርሙሱን ለገበያ አውጥቶአል።

ከሚሴ ግን ሌላ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በጨፋ ሜዳ ዳር የተቀመጠች የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የሮማ ወራሽ ነኝ ይል የነበረው መንግሥት በእኛ በኩል የተወው ቅርስ ቢኖር ጎዳናው ነው፤ የጣርማ በርን ዋሻ ያለፋችሁ ሁሉ አይታችሁታል። ወይንም የአገሩ መጠጥ አይደለም። ሕዝቡ በብዛት እስላም ነው።

ታዲያ ምን እናያለን? እኔ በመጀመሪያ ሾንኬን እላለሁ። ሾንኬ በደዋ ጨፋ ወረዳ በኮረብታ ላይ ያለ የአርጎባዎች መንደር ነው። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው፤ ተጠጋግተው ሲታዩ መንደሩ በሙሉ አንድ ግንብ ይመስላል። የአርጎባ ሕዝብ በብዙ ቦታ ቋንቋውን ለቆ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ሲናገር፥ አርጎብኛ እስከ ዛሬ ከሚሰማባቸው ጥቂት ስፍራዎች ሾንኬና ጎረቤቷ ጦልሐ ይገኙባቸዋል። የቋንቋ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን ለዚህ ብቻ ሲሉ ሊመጡ ይገባቸዋል። እንደዚሁም ሾንኬ የታወቀች የእስልምና ትምህርት አምባ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ያረፉት ሼኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር ያስተማሩባት ናት። ስለ ወሎ እስልምና ታሪክ ለማንበብ የሚፈልግ ሰው የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ይዋስ።

ወደ ደቡብ የሚዘልቅ ሰው የኢፋትን ዘመን ያገኛል። ከደጋው ገደል በታች ወደ አፋር በሚያዩት ኮረብታዎች ላይ መስጊዳቸው፥ ቤታቸውና መቃብራቸው በድንጋይ የተሠሩ የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ አለ። የፈረንሳይ አርኪኦሎጂስቶች አስባሪን፥ መሳልንና ኖራን፥ የወላስማ ነገሥታት መቃብር ያለበትን አውፋትንም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ባወጡአቸው ጽሑፎች ገልጸዋቸዋል። ከእኛ መካከል የአፄ ዓምደ ጽዮንን ዜና መዋዕል በትምህርት ቤት ያላነበበ የለም፤ የጠላቱን የሰብረ ዲንን ከተማ ግን ፈልጎ ያየ ስንት ነው? በነገራችን ላይ፥ በዚያው ዜና መዋዕል ሰብረ ዲን ሲፎክር በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ማለቱ ተጽፎአል። ፎካሪው ዛሬ ቢነሣ ተክሉ ከከተማም አልፎ የተማሪዎች ማደሪያ ድረስ መግባቱን አይቶ ይደነቅ ነበር!

እሑድ የሰንበቴ ገበያ፥ ሰኞ የባቲ ገበያ ይቆማል። አፋሩ ከግመሉ ጋር ከቆላ ሲወጣ፥ ደገኛው እህሉን ይዞ ሲወርድ ማየት ለኤኮኖሚ ተማሪ ከአንድ ወር ንግግር ይበልጣል።

እንግዲህ ጽዋው ቀረ። ጓደኛችን «ጠርሙሱን ከዚህ ይዘን እንሄዳለን፥ ማንንም ሳናስቸግር ከመንደሩ ውጭ እንጠጣለን» ብሎአል። በጨዋነት የተባለ ነው። እኔ ግን የምቃወመው ሃይማኖትን በማሰብ ብቻ አይደለም። በፖምፔይ ጽዋው ከመሬቱ ይበቅላል ብያችኋለሁ። በሾንኬ ሥር የምንከፍተው ጠርሙስ ግን ከቦታው ጋር ዝምድና የለውም፤ ጐብኚው ፍርስራሹን ከአገሩ፥ ጥሙን ከሱቅ ይዞ ተመለሰ ማለት ነው። ከዚህም የከፋው፥ መንደሩ የሚታይ ነገር ሆኖ ሰዎቹ ግን አስተናጋጅ መሆናቸው ቀረ። በወሎ እንግዳን ሳያጠጡ መስደድ ነውር ነው፤ የራሱን መጠጥ ይዞ የመጣ እንግዳም አስተናጋጁን እንዳዋረደ ይቈጠራል።

የአገሩስ መጠጥ አነሰ እንዴ? ቃሪቦ አለ፤ ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፥ ከውሃ ጋር ይፈላል፥ ይጠለላል፥ ስኳርና ጥቂት እርሾ ገብቶበት ያድራል። በማግስቱ ሲጠጣ ይጣፍጣል፤ ከሰነበተ ግን ይኮመጥጣል፥ ሊያሰክርም ስለሚችል ባለሙያ ሴት ሰዓቱን ታውቃለች። ብርዝ አለ፤ ማር በውሃ ተበጥብጦ ጌሾ ሳይነካው የሚጠጣ ነው። ከጠጅ የሚለየው ጌሾው ብቻ ስለ ሆነ፥ የሁለት ሃይማኖት ጎረቤቶች ከአንድ ቀፎ ማር በየበኩላቸው ይጠጣሉ። ቡናውም አለ። ስለ ወይን አዋቂነት የሚመኩ ሰዎች በሦስት ጽዋ መካከል ልዩነት ማግኘትን እንደ ትልቅ ጥበብ ያወሩታል፤ የከሚሴ እናቶች አቦልን፥ ቶናንና በረካን ለይተው ስም ካወጡ ቈይተዋል። በወሎ ቡና ያለ ዱዓ አይጀመርም። አሜን እያላችሁ ትቀመጣላችሁ፤ መርቀው ሳይጨርሱም አትነሡም። በመርሐ ግብሩ ላይ «የቡና መቅመስ፥ 30 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈው ስለዚህ መሰረዝ አለበት። ሦስተኛው ስኒ ራሱ በ30 ደቂቃ አይደርስም።

ስለ መንገዱ ደኅንነት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ደርሶአል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ የሚደረገው ውጊያ ብዙ ጊዜ መንገዱን ዘግቶአል። ስለዚህ ቀን ቈርጠን ቲኬት ከመግዛታችን በፊት ከአገሩ ሰዎች ዘንድ መጠየቅ ግዴታችን ነው። አትምጡ ቢሉን እንቀራለን። ይህ ማለት ግን ሐሳቡ ይሙት ማለት አይደለም። በተራራ ጫፍ ያለ የድንጋይ ቤት ሰው ከተለየው ጣራው ይወድቃል፥ ድንጋዩም ለሌላ ግንብ ይወሰዳል፤ የመንደሩ ወጣት መሪ ሆኖ የሚከፈለው ቢሆን ለመቅረት አንድ ምክንያት ያገኛል።

ስለ አፈጻጸሙ ለኮሚቴው የማሳስበው ይህን ነው። መሪው የመንደሩ ሰው ይሁን፥ ዋጋውም ከመነሣታችን በፊት ተነጋግረን የተስማማንበት ይሁን። ለጁምዓ ሶላት ሰዓትና ለረመዳን ወር ጉብኝት አይያዝ፤ ጾመኛ ቡና አፍልቶ እንዲያቀርብልን አንጠይቅም። መስጊድና መቃብር የሚታየው ተፈቅዶ፥ ጫማ ተወልቆ ነው። ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ይሁን። ከፍርስራሹ አንዲት የሸክላ ስባሪ እንኳ በኪስ አትገባም። ቡናውን፥ ማሩንና ስኳሩን ደግሞ ከአዲስ አበባ ገዝተን አንጭንም። ገንዘቡን ይዘን ሄደን ከሚሴ ገበያ ላይ እንገዛለን፤ የሚያፈሉት እናቶች የትኛው ባለ ሱቅ ጥሩውን እንደሚሸጥ ያውቃሉ።