ገመና በሕዝብ መጸዳጃ ቤት
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



 

ዛሬ የምናነሳው ርዕስ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሬዲዮ በሚያዳምጥበት ሰዓት አንዳንዱን ፈገግ የሚያሰኝ፣ ሌላውን ደግሞ አንገቱን የሚያስደፋ ነው። ጉዳዩ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነው። በዚህ ርዕስ ማላገጥ አዲስ ነገር አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደተላለፈው ሙሽሪኮች ሰልማን አልፋሪሲን (ረ.ዐ) ነቢያችሁ ስለ መጸዳዳት እንኳ ሳይቀር ያስተምሯችኋል ወይ ብለዋቸው ነበር። ሰልማን አላፈሩም። አዎን ብለው መለሱ፤ ከተማሩትም ጥቂቱን እዚያው ቆጠሩላቸው። እኛም ሳናፍር እንነጋገርበታለን።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለእረፍት ሲመጡ ከሚያወሯቸው ነገሮች አንዱ የመጸዳጃ ቤቱ በር ነው። እዚያ በሥራ ቦታ፣ በገበያ ማዕከልና በአውሮፕላን ጣቢያ ያሉ መጸዳጃ ቤቶች በቀጭን ሰሌዳ የተከፈሉ ናቸው። ሰሌዳው መሬት አይነካም፤ ከወለሉ ሠላሳ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይጀምራል። ከላይም ክፍት ነው። በበሩና በምሰሶው መካከል ደግሞ ከውጭ የቆመ ሰው ዓይን ሊያሾልክ የሚችል ክፍተት ይቀራል። ወንድማችን ለኢስቲንጃእ የያዘው የውሃ ጠርሙስ ከእግሩ አጠገብ ቆሞ ለሁሉም ይታያል። ጎረቤቱ ምን ይል ይሆን እያለ ይሳቀቃል።

ሰዎቹ ለምን እንዲህ ሠሩት? የሚሰጡት ምክንያት ከንቱ አይደለም። ወለሉን በአንድ ጊዜ ማጠብ ይቀላል፣ አየር ይዘዋወራል፣ ውስጥ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ቢኖር ይታያል፣ በር ሳይንኳኳ ሰው መኖሩ ይታወቃል፣ ወጪውም ይቀንሳል። የሚገርመው ግን እዚያው አገር የማሳቹሴትስ ግዛት ገና በ1887 እ.ኤ.አ. ለሴት ሠራተኞች የተለየ መጸዳጃ ቤት እንዲኖር በሕግ ደንግጎ ነበር። ወንድና ሴትን መለየት በሕግ ታሰበበት፤ ወንዱ ከወንዱ፣ ሴቷ ከሴቷ ስለምትጠበቅበት ነገር ግን ያን ያህል አልተጨነቁም። በእኛ ዘንድ ወንድ የወንድን ዐውራ፣ ሴትም የሴትን ዐውራ እንዳይመለከቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸውን አቡ ሰዒድ አልኹድሪ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ሐዲሱ ሙስሊም ዘንድ ይገኛል። ስለዚህ «ሁላችንም ወንዶች ነን፣ ምን አለበት?» የሚለው አነጋገር ለእኛ በቂ መልስ አይሆንም።

ይሁን እንጂ በሌላው ሕዝብ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ከሮም ወደብ ከነበረችው ኦስቲያ ፍርስራሽ ውስጥ ሃያ ያህል መቀመጫ ያለው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እስከ ዛሬ ይታያል። ቀዳዳዎቹ በእብነ በረድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ መለያ ግድግዳ የላቸውም። በዛሬዋ ቱርክ ባለችው በኤፌሶንም እንዲሁ ነው። እነዚያ ሰዎች ከሩቅ ተራራ ውሃ በድንጋይ ድልድይ የሚያመጡ ግንበኞች ነበሩ። አራት ግድግዳ ማቆም አቅቷቸው አልነበረም፤ ሳያስፈልጋቸው ቀርቶ ነው። በቤጂንግ የድሮ መንደሮችም ጎረቤታሞች በር በሌለው የጋራ መጸዳጃ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ወሬ ይጨዋወቱ ነበር። የቻይና መንግሥት በ2015 እ.ኤ.አ. «የመጸዳጃ ቤት አብዮት» የሚል ዘመቻ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቹ ታድሰዋል። ግድግዳ በሌለበት ቦታ ሰው በዓይኑ ግድግዳ ይሠራል፤ እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። እኛም አገር በወንዶች መሽኛ የቆሙ ሰዎች ፊት ለፊት ግንቡን እንጂ አጠገባቸው ያለውን ሰው አያዩም፤ ማንም ይህን በጽሑፍ አላወጀባቸውም።

ጃፓኖች ደግሞ ከዓይን አልፈው ወደ ጆሮ ሄደዋል። ሴቶቹ ድምፅ እንዳይሰማባቸው ውሃውን ደጋግመው ስለሚለቁ ብዙ ውሃ ይባክን ነበር። በዚህ ምክንያት ቶቶ የተባለው ኩባንያ በ1988 እ.ኤ.አ. የሚወርድ ውሃ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሺገሩ ባን የተባለው ታዋቂ አርክቴክት በቶኪዮ መናፈሻዎች ውስጥ ግድግዳቸው መስታወት የሆነ መጸዳጃ ቤቶች ሠራ። ባዶ ሲሆኑ ውስጣቸው ከውጭ ይታያል፤ የሚገባው ሰው ንጽሕናውንና የተደበቀ ሰው አለመኖሩን አይቶ ይገባል። ከውስጥ ሲቆለፍ መስታወቱ ይደፈናል። ሐሳቡ ብልህነት አለው። ግን ብርድ በበረታበት ክረምት መስታወቱ ለመደፈን ጊዜ ስለወሰደበት ሁልጊዜ ተደፍኖ እንዲቆይ ማድረግ ግድ ሆኗል። ለእኔ የእንጨት በር ከነመቀርቀሪያው ይሻለኛል!

በርና ግድግዳ ባለበትም ቢሆን የዘመናችን ዓይን ሌላ መግቢያ አግኝቷል። በደቡብ ኮሪያ በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ሳይቀር ትንንሽ ካሜራ እየደበቁ ሴቶችን የሚቀርጹ ሰዎች በመብዛታቸው በ2018 እ.ኤ.አ. በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በሴኡል ጎዳናዎች ወጥተው ተቃውሞ አሰምተዋል። ከተማይቱም መጸዳጃ ቤቶቿን በየጊዜው የሚፈትሹ ሰዎች አሰማርታለች። የሰውን ነውር መሰለል በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለ መሆኑን ልጆቻችን ያውቃሉ። ስልክ ይዞ መጸዳጃ ቤት መግባትም ከዚሁ ጋር የሚያያዝ መሆኑን ግን ቁጭ አድርገን ልንነግራቸው ይገባል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቤቱ ካለ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ጨርሶ በሌለበትስ?

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በሐሰት የተወነጀሉበትን ታሪክ ሲናገሩ በመካከል ያነሱት አንድ ነገር አለ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ያን ምሽት ከኡሙ ሚስጠሕ ጋር የወጡት ወደ መጸዳጃው ሜዳ ነበር። ሴቶች ከሌሊት እስከ ሌሊት እንጂ በሌላ ሰዓት አይወጡም ነበር ይላሉ። ይህም በቤቶች አቅራቢያ መጸዳጃ ከመሠራቱ በፊት መሆኑን ያስረዳሉ። አብዛኞቻችን ይህን ሐዲስ ስናነብ በዋናው ታሪክ ላይ ስለምናተኩር ይህችን ዓረፍተ ነገር ዘለን እናልፋታለን። እስቲ ቆም ብለን እናስባት፤ አንዲት ሴት ፀሐይ እስክትጠልቅ ትጠብቃለች፤ ብቻዋን ስለምትፈራ ጓደኛ ትፈልጋለች፤ በጨለማ ትሄዳለች።

ይህ የመዲና ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በሕንድ ገጠር ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ ወይም ከመሸ በኋላ ወደ ማሳ መውጣታቸው የታወቀ ነበር። መንግሥት በጥቅምት ወር 2014 እ.ኤ.አ. በጀመረው የንጽሕና ዘመቻ በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ መጸዳጃ ቤቶች ተሠርተዋል ብሏል። በአገራችንም የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ግምት በ1990 እ.ኤ.አ. ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 ግን ወደ ሦስት ገደማ ወርዷል። በየገጠሩ ቤት ለቤት የተንከራተቱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች ናቸው።

ነገር ግን ጉድጓድ መቆፈር አንድ ነገር ነው፤ በር መግጠም ሌላ። በር የሌለው ወይም ጆንያ የተንጠለጠለበት መጸዳጃ ቤት ለወንዱ ይበቃው ይሆናል። ነፋስ ሲነፍስ ጆንያው ይገለጣል። ሴቲቱ ግን ያው እንደ ድሮዋ ምሽትን ትጠብቃለች። ተቆጥሮ «ተሠርቷል» ተብሎ የተመዘገበው ቤት ለእርሷ እንዳልተሠራ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዳያስቸግራት ውሃ ከመጠጣት ትቆጠባለች፤ ሽንቷንም ትይዛለች። ይህ ልማድ ለሽንት ቧንቧ ሕመም እንደሚያጋልጥ ሐኪሞች ይናገራሉ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ተማሪም ትምህርት ቤቷ በሩ የሚዘጋ፣ ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት ከሌለው በወር አበባዋ ቀናት ቤቷ መዋልን ትመርጣለች። አባት ስለ ልጁ ውጤት መምህሩን ይጠይቃል እንጂ የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ አለው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ብዙም አይሰማም።

በከተማ ወንዱ አጥር ሥር ዘወር ይላል። «መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ከራሱ በላይ ተለጥፎ እንኳ ከሥሩ ይቆማል። በመንገድና ሰዎች በሚያርፉበት ጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን የሚያስከትል መሆኑ በሙስሊም ሐዲስ ተነግሯል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ ከዓይን እስኪሰወሩ ድረስ ይርቁ እንደነበር ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ሰው በተጨናነቀበት ከተማ የሚራቅበት ሜዳ የለም። የርቀቱን ቦታ የሚተካው በሩ ነው።

ወደ ወንድማችን ጠርሙስ እንመለስ። ጠርሙሱን በቦርሳ ይዞ ገብቶ ቦርሳውን በሩ ላይ ካለው ማንጠልጠያ መስቀል ይችላል። ጥግ ላይ ያለውን ክፍል ይምረጥ። ውሃ ጨርሶ ካልተመቸው በድንጋይ መጥረግ እንደሚፈቀድ ሁሉ ንጹሕ ወረቀትም በዚያው ቦታ እንደሚገባ ዑለማዎች አስረድተዋል፤ ሰልማንም ከቆጠሯቸው ትምህርቶች አንዱ ከሦስት ድንጋይ ባነሰ አለመጥረግ ነው። ሲጨርስ የረጨውን ውሃ ከመቀመጫውና ከወለሉ ጠርጎ ይውጣ፤ ቀጥሎ የሚገባው ሰውም መብት አለው። ከውጭ ሰላም የሚለው ሰው ቢኖር እስኪወጣ ባይመልስለት አይወቀስም።

የመስጂዶቻችንን ጉዳይ ሳላነሳ ብጨርስ ደግሞ አድማጮቻችን እህቶች አይተውኝም። በስንቱ መስጂድ ነው ለወንዶች ረድፍ ሙሉ መጸዳጃ ቤትና የውዱእ ቦታ ተሠርቶ ለሴቶች አንድ ክፍል፣ ያውም ከወንዶቹ መግቢያ ፊት ለፊት የተሰጠው? እህታችን ውዱእ ለማድረግ ሒጃቧን ገልጣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ትሰበስባለች። ይህን በአላፊ አግዳሚው ፊት እንድታደርግ መጠበቅ፣ ካልሆነም ሳትሰግድ እንድትመለስ ማድረግ ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች ለሚናራው የሚያወጡትን ሐሳብና ገንዘብ አልጠላም። ግን ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ፕላኑን ለሁለትና ለሦስት እናቶች ቢያሳዩአቸው በሩ በየት በኩል መከፈት እንዳለበት፣ መቀርቀሪያውን የሕፃን እጅ እንዲደርስበት የት ላይ መግጠም እንደሚሻል፣ ሒጃብና ቦርሳ የሚሰቀልበት ሚስማር እንደሚያስፈልግ፣ ቧንቧው በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ካልገባ ጆግ ይዞ ወጥቶ መግባት እንደሚያስቸግር በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነግሯቸዋል።

በሰፈራችሁ ያለው መስጂድ በዚህ በኩል ምን እንደሚመስል ጽፋችሁ ላኩልን፤ ያማረ ካለም ለሌሎች እንዲታወቅ አሠራሩን ግለጹልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ ከደብዳቤዎቹ እናነባለን።