የህንዱ መጠን ለምን ሱዳን ላይ አልሠራም?



ከሌሎች አገሮች ጋር አብሮ መመራመር ሲነሳ ወዲያው የሚወሳው ወዳጅነትና እርዳታ ነው። የእኔ ምክንያት ሌላ ነው፤ አንድ አገር ላይ የተገኘ ማስረጃ ጎረቤት ዘንድ እንደሚሠራ ዋስትና የለውም። ካላዛር የተባለውን በሽታ ውሰዱ። ከደጋ ወርደው መተማና ሁመራ ሰሊጥ የሚያርሙና የሚያጭዱ የቀን ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው ይያዛሉ፤ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ያልታከመ ይሞታል። ፓሮሞማይሲን የተባለው መርፌ ህንድ ውስጥ ከ100 ሕሙማን ወደ 95 የሚጠጉትን አድኗል። በዚያው መጠን፣ ለዚያው 21 ቀን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሲሞከር ግን የዳኑት ከ100 ሕሙማን 64 ያህል ነበሩ፤ ሱዳን ውስጥ ደግሞ ከግማሽም አነሱ። ልዩነቱ ሊታይ የቻለው የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የኬንያ ሐኪሞች አንድ ዓይነት ፕሮቶኮል ይዘው ስለሠሩ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሠራ ኖሮ አንዱ "መድኃኒቱ ግሩም ነው"፣ ሌላው "ከንቱ ነው" ብሎ በየፊናው በቀረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ካርቱም ላይ የተመሠረተው የምርምር ጥምረት መጠኑን ከፍ አድርጎ ፈተሸ፤ ቀድሞ ለብቻው ለ30 ቀን ይወጋ ከነበረው ከሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ጋር አጣምሮም ሕክምናውን ወደ 17 ቀን አወረደው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ሕክምና ለአካባቢው መክሯል። በቀን ሥራ ለሚኖር ሰው የ13 ቀን ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አላብራራላችሁም።

"በየአገሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሲጠበቅ ዓመታት ይባክናሉ" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያንገፈግፋል። ነገር ግን ማንበብ የማይችለው የቀን ሠራተኛ ምን ላይ እንደሚፈርም የሚጠይቅለት ያ ኮሚቴ ነው፤ ማጠር ያለበት ድግግሞሹ እንጂ ጥያቄው አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ደሙ ከእኛ፣ ስሙ ለውጭ ተመራማሪዎች። ይህን ቅሬታ እኔም እጋራለሁ፤ መፍትሔው ግን መሸሽ ሳይሆን ናሙናው የት እንደሚቀመጥ፣ መረጃውን ማን እንደሚተነትን፣ በጽሑፉ ላይ ማን እንደሚቀድም ከፊርማው በፊት መደራደር ነው። እንደሚቻልም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የፓሮሞማይሲን ጥናት የመጀመሪያ ጸሐፊ ኢትዮጵያዊ፣ በ2012 የታተመው የጥምር ሕክምናው ጥናት ደግሞ ሱዳናዊ ናቸው።

ሥራው ግን አላለቀም። የ17 ቀኑ ሕክምና ዛሬም ልብን የሚጎዳ፣ በየቀኑ የሚያም መርፌ አለበት። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሕሙማን በጥምር ሕክምናው ጥናት አልተካተቱም ነበር፤ እነሱ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ በሽታው የሚያገረሽባቸው ናቸው።