የድሮ ኬላ በካርታና በአዋጅ

የዛሬው ርዕሳችን ኬላ ነው። አዎ፣ ኬላ። ዛሬ መኪና ቆሞ የሚፈተሽበት ቦታ ነው። ድሮ ግን ነጋዴ በጫነው ዕቃ ቀረጥ የሚከፍልበት በር ነበር።

ታዲያ የድሮ ኬላ የት እንደነበር እንዴት እናውቃለን? የእርሻ ወሰን ክርክር አስቡ። አንዱ ምስክር ድንበሩን በእጁ ያሳያል። ሌላው ደግሞ ውሉን ይናገራል። ለመንገድ፣ የመጀመሪያው ምስክር ካርታ ነው፤ ሁለተኛው አዋጅ።

እንግዲህ ካርታውን ስታዩ የወንዝ መሻገሪያውንና የተራራ በሩን ፈልጉ። ሲራራ ነጋዴ ሌላ መውጫ አልነበረውምና ኬላ እዚያ ይተከል ነበር። ከዚያ ወደ ሕጉ። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣሉ። ማን ያስከፍላል? በምን ላይ? መቼስ ቀረ? ይህን የሚነግረን ሕጉ እንጂ ካርታው አይደለም።

ደግሞ ስም ያሳስታል። ከቡታጅራ በስተሰሜን ኬላ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። በወላይታም የጥንቱ የድንጋይ ካብ ኬላ ይባላል፤ እሱ ግን የመከላከያ ግንብ ነው።

የመንገድ ክፍያ ራሱ አልጠፋም። በ2006 ዓ.ም. የክፍያ መንገዶች አዋጅ ወጣ። ዛሬ ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ የሚሄድ ሾፌር ይከፍላል። ከሶዶ በሁምቦ አድርጎ አርባ ምንጭ የሚወርደው ግን በዚያ መልክ አይከፍልም።